ባዶው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳና የአባትዎ ሥዕል

ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ አካባቢ የመጣው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«አዲስ ቤት ሠርተን ከገባን ስድስት ወር ሆነን። መታጠቢያ ቤቱ 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ከ40 ነው። ነጭ ሴራሚክ እስከ 1 ሜትር ከ50 ድረስ ተለጥፏል፤ ከዚያ በላይ ቀለም ነው። ሻወሩ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ሥር ነው። መስታወቱና መቀመጫው በግራ በኩል ናቸው። የቀኙ ግድግዳ ባዶ ነው። ክፍሉ ሆስፒታል ሆስፒታል አለኝ። ሥዕል ልሰቅልበት ፈልጌያለሁ። አባቴ ከቢሾፍቱ ያመጣልኝ፣ በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል አለ። ሻወሩ ያለበት ግድግዳ ላይ ቢሆን ከበሩ ሲገባ ያምራል ብዬ አስቤያለሁ። እናቴ ግን ‹ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ ሥዕል ይሰቀላል እንዴ?› ብላ ተቆጣች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልናገር። የአባትዎን ሥዕል ሻወሩ ጋ አይስቀሉት። ሰቅለውት ከሆነም ዛሬውኑ ያውርዱት። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ሥዕል ቢሆንም ቆዳነቱን አይረሳም። ከበሮ አስተውለው ያውቁ ይሆናል። በዝናብ ጊዜ ቆዳው ይላላና ድምፁ ይታፈናል። ፀሐይ ላይ ሲያቆዩት ወይም እሳት ዳር ሲያስጠጉት ደግሞ ይወጠራል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለ የቆዳ ሥዕልም በየቀኑ እንደዚያው ነው የሚሆነው። ጠዋት ሰው ሲታጠብ ይላላል። ከሰዓት ሲደርቅ ይወጠራል። ቀለሙ ግን ከቆዳው ጋር እኩል መለጠጥና መሰብሰብ አይችልም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ ቆይቶም ይረግፋል። ከኋላ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል። ቆዳ ለሻጋታ ምግብ ነው። በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል ስማቸው የታወቀው ሠዓሊ ለማ ጉያ የኖሩትና የሠሩት ቢሾፍቱ ነበር። ከዚያ ከተማ አባት ለልጁ የቆዳ ሥዕል ሲያመጣ ቀላል ስጦታ አይደለም። ለእሱ የሚሆን ቦታ ቤትዎ ውስጥ አለ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ምን ዓይነት ሥዕል ያምራል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ነው የምጀምረው። በፍሬም ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከመታጠቢያ ቤት ተበላሽተው የመጡልኝ ሥዕሎች አብዛኞቹ ቆንጆ ነበሩ። የተሳሳተው ግድግዳው ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ግድግዳውን ይምረጡ።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የጣሪያው ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ነው ብንል፣ ክፍልዎ 11 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ተን ቢበዛ 17 ግራም ገደማ ነው። ሲባዛ 190 ግራም አካባቢ ይመጣል። ይህ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳን በቅጡ አይሞላም። የክፍሉ አየር በሙሉ ተሰብስቦ የሚሸከመው ይህንኑ ነው። ቦይለሩን ከፍተው ሁለት ሰው ተከታትሎ ከታጠበ ከዚያ በላይ እንፋሎት ይወጣል። የተረፈው የት ይሄዳል? ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። መስታወቱ ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ወደ ውጭ በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የውጭው ግድግዳ ጠዋት ላይ በደንብ ያልባል። የእርስዎ ሻወር ያለበት ግድግዳ መስኮት አለው። ስለዚህ የውጭ ግድግዳ ነው ማለት ነው። እንፋሎቱም ቅዝቃዜውም ፍንጥቅጣቂውም የሚገናኙት እዚያ ነው። ከበሩ ሲገባ ያምራል ያሉት እውነት ነው። ግን ከክፍሉ ሁሉ የከፋው ቦታ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሁልጊዜ በሻወር አይታጠብም። በባልዲና በጆግ ይታጠባል። ከጆግ የሚፈስ ውሃ ደግሞ ከሻወር ይልቅ ርቆ ይፈናጠቃል። ስለ መታጠቢያ ቤት የሚሰጡ ምክሮች ይህን አያስቡትም። ቤትዎ ውስጥ ባልዲ የሚጠቀም ሰው ካለ ከሻወሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ።

ግምቴን ብቻ እንዳያምኑ አንድ ፈተና ይሥሩ። አራት ተራ ወረቀት ይውሰዱ፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በቂ ነው። በየግድግዳው አንድ አንድ፣ ሥዕል ሊኖር በሚችልበት ከፍታ፣ የላይኛውን ጫፍ ብቻ በፕላስተር ይለጥፉ። የታችኛው ጫፍ ይንጠልጠል። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንደ ወትሮው ይኑሩ። ወረቀት የእርጥበትን ነገር አይደብቅም። የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። የተጠቀለለውና የተሸበሸበው ወረቀት ያለበት ግድግዳ ሥዕል አይፈልግም። ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ፍንጥቅጣቂ ይደርስበታል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የቀረ ካለ ቦታዎ እሱ ነው። ወረቀቱ ደህና ሆኖ ከኋላው ያለው ቀለም ከቀዘቀዘና ከረጠበ ግን ችግሩ ከልስኑ ነው። ቤትዎ ገና ስድስት ወሩ ነው። አዲስ ልስን የጠጣውን ውሃ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ቀለሙ ላይ ነጭ ጨው ብቅ ካለ ወይም ስቱኮው ካበጠ ትንሽ ይታገሱ።

በጻፉልኝ መሠረት ግን የሚያሸንፈው የቀኙ ግድግዳ ይመስለኛል፤ ወደ በሩ የቀረበው ግማሽ።

የእናትዎን ነገር በቁም ነገር እንየው። እሳቸው የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ቤት ሥዕል ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ሥዕለ አድህኖ ነው። ሥዕለ አድህኖ፣ መስቀል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ የቁርኣን ጽሑፍ መጸዳጃ ባለበት ክፍል አይገባም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ደንበኛ ቢያዘኝም አልሠራውም። የሞተ ሰው ፎቶም፣ የአባትና የአያት ፎቶም እንዲሁ። እኔ በበኩሌ ማንኛውንም የሰው ፊት አልመክርም። ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት ቦታ ዓይን የሚያፈጥበት ምስል አይመችም። እንግዳ ደግሞ ይጨነቃል፤ ይሉኝታ ይዞት ባይናገርም። ቅጠል፣ ውሃ፣ ወፍ፣ የተሸመነ ነገር ግን ማንንም አያስቀይምም። እናትዎን ቁጭ አድርገው ይህን ይንገሯቸው። እንዲያውም ምርጫው ላይ ያሳትፏቸው።

ምን ይሁን ታዲያ? ለመታጠቢያ ቤት ተብለው ከውጭ የሚመጡ ምስሎች አሉ። ዛጎል፣ መልሕቅ፣ የባሕር ኮከብ። ክፉ ናቸው አልልም። ግን የእኛ ሰው ዛጎል ለቅሞ አላደገም። ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ የሌላ አገር ባሕር ዳርቻ መስቀል ለእኔ አይዋጥልኝም። ሐይቅ አጠገባችን ነው። አንድ ቀን በጠዋት አሞራ ገደል ይውረዱ። የእንጨት ጀልባዎቹ ሌሊት ያደረውን መረብ ይዘው ሲመለሱ፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ጠብቀው እንደ ሽማግሌ ሲቆሙ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ ሲዘል ያያሉ። ስልክዎ ደህና ካሜራ ካለው ሥዕሉን ራስዎ ማንሳት ይችላሉ። ፀሐይ ከፍ ሳትል ያንሱት፤ ረፋድ ላይ ብርሃኑ ይበረታና ውሃው ነጭ ይሆንብዎታል።

ግን አንድ ጥንቃቄ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ተቀምጠውም ቆመውም ከቀኙ ግድግዳ ያለዎት ርቀት አንድ ሜትር ከምናምን ነው። ከዚህ ርቀት ሰፊ መልክዓ ምድር አያምርም፤ ሁሉም ነገር ጥቃቅን ይሆናል። ከሩቅ የተነሳ ሐይቅ፣ ከታቦር ተራራ ላይ የተነሳ ከተማ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያምረው። እዚህ በቅርብ የተነሳ ነገር ይፈልጋል። የመረብ ቋጠሮ። ውሃ ላይ የተኛ የጀልባ ጥላ። የአንድ ወፍ ክንፍ።

ከሁሉም ግን እኔ የምመርጥልዎ የእንሰት ቅጠል ነው። በሲዳማ ጓሮ ሁሉ አለ፤ ሰው ስለለመደው ውበቱን አያየውም። ሙሉ ተክሉን ሳይሆን አንድ ቅጠል ብቻ፣ ፀሐይ ከጀርባው እያበራችበት፣ መሐል አጥንቱና ወደ ጎን የሚሄዱት ጅማቶቹ እንዲታዩ አድርገው ያንሱት። አንዳንዱ የእንሰት ዘር መሐል አጥንቱ ቀላ ያለ ነው፤ እሱን ካገኙ እሰየው። አረንጓዴው የነጩን ሴራሚክ ቅዝቃዜ ይሰብረዋል። ሆስፒታል ያስመሰለው ነጭነቱ ብቻ አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ማጣቱ ነው። አንድ ጥልቅ ቀለም ያለው ምስል ይበቃል። ከእሱ ጋር የሚሄድ አንድ ፎጣ ይስቀሉ። ትንንሽ ሥዕል መደርደሩን ይተዉት፤ በዚህ ስፋት ክፍል ውስጥ ሱቅ ያስመስላል።

አምፖሉንም ይዩት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መብራት ከሆነ አረንጓዴውን ያቀዘቅዘዋል፣ ቡናማውን አመድ ያስመስለዋል። ወደ ቢጫ የሚያደላውን ቢቀይሩ ሥዕሉም የእርስዎም ፊት መስታወቱ ውስጥ ይለወጣል። ከሥዕሉ በፊት ይህን ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

ጽሑፍ ያለበት ነገር ግን አይምረጡ። የቀኙ ግድግዳ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ነው። ፊደሉ መስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ቅጠል ግን ቢገለበጥም ቅጠል ነው። እንዲያውም ከበሩ ሲገቡ አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ መስታወቱ ውስጥ ያዩታል። አንድ ሥዕል ገዝተው ሁለት አገኙ ማለት ነው።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳሎን ውስጥ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ቢሆን ይስማማል፤ ሰው ቆሞ ያየዋልና። እዚህ ግን ረጅሙን ጊዜ የሚያየው የተቀመጠ ሰው ነው። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው። ሌላም ችግር አለ። ሴራሚክዎ 1 ሜትር ከ50 ላይ ያልቃል። ሥዕሉን መሐሉ እዚያ ላይ እንዲሆን ከሰቀሉት ግማሹ ሴራሚክ ላይ፣ ግማሹ ቀለም ላይ ያርፋል። የሴራሚኩ ጫፍ ትንሽ ወጣ ስለሚል ፍሬሙ ይንገዳገዳል። ቢያስተካክሉትም ዓይን ይረበሻል።

ስለዚህ ይህን ያድርጉ። ሜትር ይዘው ሴራሚኩን ይለኩት። በብዙ ቤት እንደማየው 30 በ60 ሆኖ አግድም የተለጠፈ ከሆነ፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ረድፎች ልክ የሚሸፍን 60 በ60 ሥዕል ያሠሩ። ከ90 ሳንቲሜትር ይነሳል፣ 1 ሜትር ከ50 ላይ ያልቃል። መሐሉ 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው፤ ልክ የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ። አራቱም ጎኖቹ ከሴራሚኩ መስመር ጋር ይገጥማሉ። ሲያዩት የተሰቀለ ሳይሆን ከግንባታው ጋር አብሮ የተሠራ ይመስላል። የሴራሚክዎ ልክ ሌላ ከሆነም ሐሳቡ ያው ነው፤ መስመሩን ይከተሉ።

በምን ይሠራ? ወረቀትና መስታወት አልመክርዎትም። ምክንያቴን ልንገርዎ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ የሠርግ ፎቶ አምጥተው በመስታወት ፍሬም አደረግኩላቸው። ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቄ ነው የዘጋሁት። መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ሰቀሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ መልሰው ሲያመጡት ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ጄላቲን የሚባል ስስ ሽፋን አለው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና ሙጫ ይሆናል። ላላቅቀው ስሞክር የሙሽራዋ ፊት መስታወቱ ላይ ቀረ። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ በምስሉና በመስታወቱ መካከል ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ዙሪያ ሳላደርግ ምንም ፎቶ ዘግቼ አላውቅም። ለመታጠቢያ ቤት ደግሞ ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር አልቀበልም።

ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚባሉት የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳዎች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ይተዉአቸው። ስቲከር ደግሞ ጫፉ ይነሳና ከሥሩ ሻጋታ ያበቅላል። የሚሆንዎት ማስታወቂያ ቤቶች ታፔላ የሚሠሩበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ወይም ለሕንፃ ፊት የሚለበሰው የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ ክላዲንግ የምንለው። ሁለቱም ውሃ አይጠጡም። ምስሉ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ይታተማል። ዩቪ የሚባለው የማተሚያ ማሽን ያለው ቤት ካገኙ ከሁሉ ይሻላል፤ ቀለሙ እዚያው በብርሃን ይደርቃል። ከመክፈልዎ በፊት ቁራጭ ናሙና ይጠይቁና በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ደጋግመው ይሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ሌላ ቤት ይሂዱ።

መስኮቱ ትንሽ ቢሆንም ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ግድግዳው ላይ የምታርፍበት ሰዓት ካለ ያስተውሉ። ፀጉር ቤቶች በር ላይ ያሉትን የቆዩ ፖስተሮች አይተዋል? ሁሉም ወደ ሰማያዊ ተለውጠዋል። ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይለቃሉ፤ ሰማያዊው ይቀራል። አረንጓዴ ቅጠልዎ ቢጫውን ካጣ ሰማያዊ ቅጠል ይሆናል። ፀሐይ ካለ ስስ መጋረጃ ያድርጉ።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው። ትራፓኖም ፊሸርም አያስፈልግም። ሴራሚኩን በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ሰሌዳው ጀርባ ላይ በአምስት ቦታ ሲሊኮን ጠብ ያድርጉ፣ በውሃ ልክ አስተካክለው ይጫኑት፣ በፕላስተር ደግፈው ለአንድ ቀን ይተዉት። በዚያ ቀን ማንም ሙቅ ሻወር አይውሰድ። ሲሊኮን ሲገዙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን አይውሰዱ። እሱ ብረት ያዝጋል፤ መስታወት ጀርባ ከነካም ያጠቁረዋል። ከዚያ የላይኛውንና የሁለቱን ጎን ጠርዞች በስሱ ይድፈኑ። የታችኛውን ክፍት ይተዉት። ድንገት ውሃ ቢገባ መውጫ ይኑረው። ወደፊት ማንሳት ቢፈልጉ ሴራሚኩ አይሰበርም። የዓሣ መንጠቆ ክር ይግዙ፤ ሐዋሳ ላይ አይጠፋም። ክሩን ከሰሌዳው ጀርባ አስገብተው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ሲሊኮኑን ይቆርጠዋል።

ሲያጸዱ በረኪና አያስነኩት። ቀለም ይበላል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያርጥቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት። ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ነጥብ ካስቸገረዎ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥነው ይጥረጉት። ከታጠቡ በኋላም መስኮቱንና በሩን ለሃያ ደቂቃ ያህል ይክፈቱ። ያ የአንድ ብርጭቆ ውሃ ሒሳብ የሚፈታው በዚህ ነው።

አሁን የአባትዎ ሥዕል። ኮሪደር ላይ ይስቀሉት። ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ትይዩ አይሁን፤ በሩ ሲከፈት እንፋሎቱ በቀጥታ ይመታዋል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በጎን ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከወጥ ቤትም ይራቅ። ከታች በኩል ከፍሬሙ ጀርባ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጭ ይለጥፉ፤ ከግድግዳው ፈንጠር ይልና አየር ይዞርበታል። ምስማሩን ከመምታትዎ በፊት ግን የቆዳውን ጀርባ በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉት። ከቀዘቀዘዎት ወይም ከለሰለሰብዎት እርጥበት ይዟል። ሳሎን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ፊቱን ወደ ላይ አስተኝተው አንድ ሳምንት ያቆዩት። ቶሎ ይድረቅ ብለው ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡት። ሲደርቅና ድርቅ ብሎ ሲወጠር ያኔ ይስቀሉት።